የመመለሻው ቀን

ሬሳውን ያገኙት ድንጋይ ፈላጮች ናቸው። ረቡዕ የካቲት 26 ጠዋት፣ ከጭሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሥራ ካቆመ ዓመት ያለፈው የድንጋይ ካባ ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያውን ክምር ሲንዱ የሴት ጫማ አዩ። ጫማው ባዶ አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሳህሊቱ ስትደርስ ከፈላጮቹ ሁለቱ ሸሽተዋል። የቀረው ሰውዬ አካፋውን ደረቱ ላይ አጋድሞ፣ «እኔ ምንም አላውቅም፤ ስሜን እንዳትጽፊ» አላት።

«ስምህን መቼ ጠየቅኩህ?»

«አውቃችኋለሁ። እዚህ አገር የሚታሰረው ያየ ሰው ነው።»

ሳህሊቱ አልፋው ወደ ሬሳው ሄደች። የአጎራባቹ ወረዳ የቦኬ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ስታገለግል ሰው ፊቱን ሳያጠቁርባት የገባችበት ቤት ትዝ አይላትም። ረዳቷ ሳጅን ጃዕፈር ከሬሳው አጠገብ የተገኘውን ቦርሳ ከፍቶ ዕቃውን ጆንያ ላይ ደረደረ፦ ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ሲሸልስ ደሴት ላይ የተያዘ የእንግዳ ማረፊያ ወረቀት፣ ለዓርብ የካቲት 7 የተቆረጠ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ዋጋው ገና ያልተላጠለት ሰንደል ጫማ። ስልክ የለም።

ጃዕፈር ፓስፖርቱን ገለጠና ቆመ።

«ያ አላህ! ቲቸር ወሰንየለሽ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራኛለች።» ግራ ተጋብቶ አያት። «ግን እሷ እኮ ጠፍታለች።»

«የት ነው የጠፋችው?»

«ውጭ ነዋ። ለጉብኝት ብላ ሄዳ እዚያው ቀረች፤ ከተማው ሁሉ ያወራል።»

ሳህሊቱ ወረቀቶቹን እንደገና አገላበጠቻቸው። «መሄጃው ይኸው። መመለሻው የታለ?»

«ምን ያደርግላታል?»

«ቱሪስት ነኝ የሚል ሰው መመለሻ ወይም ወደ ሌላ አገር መቀጠያ ቲኬት ካላሳየ ቦሌ ላይ አያሳፍሩትም። የእህቴን ልጅ መልሰውታል። ይህን ሁሉ አሟልታ እሱን ብቻ አትረሳም።»

የሆስፒታሉ ሐኪም ከሰዓት በኋላ ቃሉን አጭር አድርጎ ሰጣት። «አንድ ምት፣ ከኋላ፣ ጭንቅላቷ ላይ። ሦስት ሳምንት ይሆናታል።»

*

በጭሮ ቲኬት የሚቆርጠው ፍፁም ነው። ሱቁ በር ላይ አውሮፕላን ተስሏል። ሳህሊቱ መጀመሪያ የገባችው ግን አጠገቡ ካለችው ኩብራ ዘንድ ነበር፤ ኩብራ የስልክ ካርድና ለስላሳ ትሸጣለች፤ ግድግዳቸውም አንድ ነው።

«ቲቸር ወሰንየለሽን ከፍፁም ጋር አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«ማን ያላያት አለ! ረቡዕ ጠዋት፣ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ወረቀት ፊቱ ላይ ቀድዳ ጣለችበት። ‹ሌባ፣ ባዶ ወረቀት ሸጥክልኝ፣ እከስሃለሁ› አለችው። እሱም ‹ብትከሺኝ ወዮልሽ› አላት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ነበር። ከሰዓት ደግሞ —»

«የጠየቅሁሽን ብቻ። ‹ወዮልሽ› ሲል በጆሮሽ ሰምተሻል?»

ኩብራ አፏን ያዘች። «ሰምቻለሁ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ፍፁም ከወንበሩ አልተነሳም። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ ነው የሚያናግራት።

«መመለሻ ቲኬት ሸጠህላታል?»

«ሸጬላታለሁ።»

«ቦርሳዋ ውስጥ የለም።»

«አዲስ አበባ ነው ያለው።»

«እሷ እዚህ ድንጋይ ተጭኗት ቲኬቷ አዲስ አበባ ሄደ?»

«ከምትሳለቂ ስሚኝ።» አሁን ቀና አለ። «ሰኞ የሰጠኋት ቦታ ማስያዣ ነው። ስሟ ይኖርበታል፣ ቀን ይኖርበታል፤ ገንዘብ ግን አልተከፈለበትም፤ በሁለት ቀን ይሰረዛል። ቦሌ ላይ ለማሳየት ብቻ ነው። እዚህ የሚመጣው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው። ማን ነው ለማይመለስበት መንገድ የሚከፍል? ተው ብዬ የምመክረው እንኳ የለም። እሷ ግን አየር መንገዱ ጋ ደውላ አጣራች። ‹መመለሻ የለዎትም› ሲሏት መጥታ አዋረደችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እውነተኛውን ቆረጥኩላት። አዲስ አበባ ያለው ሸሪኬ አትሞ በፖስታ አስቀመጠላት፤ ሐሙስ ማታ ቢሮው ሄዳ ልትወስድ ነበር። አልሄደችም።»

«አልሄደችም፤ አንተም ሦስት ሳምንት ዝም አልክ።»

«ሌላ ዘንድ ርካሽ አሠርታ ሄደች ብዬ ተናደድኩ! እኔን ሌባ ብላ ሰድባ እሷም እንደ ሰዉ ሁሉ ጠፋች አልኩ። ምን ላድርግ ነበር፣ አልቅሼ ላመልክት?»

ሳህሊቱ የሸሪኩን ስልክ ተቀብላ ደወለች። አይነሳም። ሦስት ጊዜ ሞከረች።

«ተነስ» አለችው።

«ወዴት?»

«ሸሪክህ ስልክ እስኪያነሳ እኛ ዘንድ ትቆያለህ።»

ኩብራ በር ላይ ቆማ ሲወስዱት አየች። እጁ ላይ ካቴናው ሲገባ «አልሀምዱሊላህ» የሚል መንገደኛ ነበር፤ ፍፁም ዘወር ብሎ ሰደበው።

*

ወሰንየለሽ ሐሙስ ተቀበሩ። ድንኳኑ የተጣለው ግቢያቸው ውስጥ ነው። ባላቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗል፤ ልጅ የላቸውም። ኋላ ያለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሚኖረው የባላቸው ታናሽ ወንድም በለጠ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ኩታ ለብሶ የአስተዛዛኙን እጅ እየጨበጠ ነበር።

«አቶ በለጠ፣ እግዜር ያጥናዎት። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው።»

«አሁን? አፈሩ ሳይደርቅ?»

አንዲት አሮጊት ከምንጣፉ ላይ፣ «ደግሞ ፖሊስ! ሲፈለጉ የሉም፣ ለቅሶ ላይ አይጠፉም» አሉ። ሳህሊቱ ወደ በለጠ ጠጋ አለች።

«መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ሐሙስ ጎህ ሲቀድ። በባጃጄ መናኸሪያ አድርሼ፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ ተመለስኩ።»

«ረቡዕ ማታስ?»

«ቦኬ ለቅሶ ነበርኩ፤ አምሽቼ ነው የገባሁት። ተኝታ ነበር።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ዓርብ ደግሞ ይኸው፣ ከቦሌ የላከችው። ገዳይዋን እንግዲህ እዚያ ፈልጉት። ተመልሳ መጥታም ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።»

መልእክቱ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተላከ ነው፦ «ቦሌ ገብቻለሁ። መመለሻ ጠይቀውኝ ወረቀቴን አሳየሁ። በ18 እንደምመለስ አይተው አሳለፉኝ። ስልኬን ልዘጋው ስለሆነ አትደውሉ።»

ሳህሊቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስት ሳምንት የሆነው ሬሳ ካባ ውስጥ ተኝቷል፤ ስልኩ ግን ቦሌ ነኝ ይላል። ወይ ሴትዮዋ ደርሰው በዚያው ቀን ተመልሰዋል፣ ወይ ሌላ ሰው ነው የጻፈው። ሌላ ሰው ከጻፈው፣ «ወረቀቴን አሳየሁ» ብሎ ማስመስከር የሚጠቅመው ማንን ነው? ባዶ ወረቀት የሸጠውን።

«ፍፁም ነው» አለች ጃዕፈርን፣ ከግቢው ሲወጡ። «ስልኩ ከየት እንደላከ ለማወቅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠይቅ።»

ጃዕፈር ራሱን አከከ። «እሺ። የበለጠን ቃል ለማጣራት ቦኬም ልደውል?»

«ደውል። ግን ፍፁም ነው።»

*

ያው መልእክት ከበለጠ ሌላ ለአይናዲስም ደርሷል። ከጎጃም ተመድባ የመጣች የባዮሎጂ መምህር ናት፤ ገና ሃያ ስምንት ዓመቷ። አራት ዓመት ከወሰንየለሽ ጎን ባለው ጠረጴዛ ተቀምጣ ሠርታለች። ዓርብ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ሳህሊቱ ወንበር ስትስብ አይናዲስ ደብተር ማረሟን አላቋረጠችም።

«ሦስት ሳምንት የት ነበራችሁ?»

«ያመለከተ ሰው አልነበረም።»

አይናዲስ ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«መልእክቱ ሲደርስሽ የት ነበርሽ?»

«መቻራ። ለሞዴል ፈተና ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ። አርባ ተማሪና ሁለት ርእሰ መምህር ይመሰክሩልኛል፤ ሂጂ ጠይቂ።»

«እጠይቃለሁ። ለምንድን ነው ሲሸልስ ልትሄድ የፈለገችው?»

«‹ልትሄድ› አትበዪ፤ ‹ሊሄዱ› በዪ። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ባሕር አስተምረዋል። ስለ ማዕበል፣ ስለ ሞገድ፣ ስለ ደሴት። አንድም ቀን ባሕር አላዩም። አንድ ተማሪ ‹ቲቸር፣ ባሕር ሲጮህ ምን ይመስላል?› ብሎ ጠየቃቸው፤ ‹አላውቅም› አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ማጠራቀም የጀመሩት። ላማቸውን ሸጡ። መጽሐፎቻቸውን፣ ጡረታ ስለወጡ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጡ። ሰው ግን ምን አለ? ‹ዕቃዋን እያከፋፈለች ነው፣ ልትጠፋ ነው›።»

«መመለሻውን አይተሽዋል?»

«ሰኞ ማታ እኔንና በለጠን ራት ጠርተው አሳዩን። በ18 ይላል። እንደ ሽልማት ነበር የያዙት።» ደብተሮቹን ሰበሰበች። «18 መጣና ሄደ። አልመጡም። ሌላ የምለው የለኝም፤ ክፍል አለኝ።»

*

ቅዳሜ ጠዋት የአዲስ አበባው አውቶቡስ ረዳት አንድ ፖስታ ጣቢያው ድረስ አምጥቶ አስፈረመ። የፍፁም ሸሪክ ሐሙስ ማታ ስልኩን አንስቶ ነበር፤ ሐዘን ላይ ሰንብቶ ነው ያላነሳው። ሳህሊቱ ፖስታውን ላከው ያለችው ስላመነችው ሳይሆን ውሸቱን ልታይ ነበር።

ፖስታው እንደታሸገ ነው። ላዩ ላይ «ወ/ሮ ወሰንየለሽ፣ ሐሙስ ማታ የሚወስዱት» ይላል። ውስጡ ቲኬት አለ፤ አሥራ ሦስት አሃዝ ቁጥር፣ የተከፈለበት፣ ገንዘቡ የማይመለስ።

«እውነቱን ነው እንዴ?» አለ ጃዕፈር። ከዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን ቀን በጣቱ ቆጠረ። «ፌብሩዋሪ 28... የካቲት 21።»

«18 በል።»

«18 ፌብሩዋሪ ሃያ አምስት ነው የሚሆነው። ይሄ 21 ነው።»

ሳህሊቱ ወረቀቱን ነጥቃው ራሷ ቆጠረች። 21 ነው። ወደ ማረፊያ ክፍሉ በፍጥነት ሄደች። ፍፁም በሦስት ሌሊት ፊቱ አብጧል፤ ትንኝ በልቶታል።

«ለምን 21 ሆነ?»

«18 ሞልቶ ነበር። የተገኘው 21 ነው። ምነው፣ አሁን አመንሽኝ?»

«እሷ ታውቅ ነበር?»

«ረቡዕ ከሰዓት ነገርኳት። ኩብራን ጠይቂያት፤ እሷ ዘንድ ነው ለስላሳ ጋብዛኝ የታረቅነው።»

ኩብራ ሳህሊቱን ስታይ አልተቀበለቻትም። ጃዕፈር ነው «አሰላሙ አለይኩም እህቴ» ብሎ ቀድሞ የገባው። ኩብራም የመለሰችው ለእሱ ነው።

«ያኔ ልነግራችሁ ስል አፌን ዘጋችው። ቲቸር ከሰዓት ተመልሳ መጣች፤ እየሳቀች። ‹ኩብራ፣ ሦስት ቀን ተጨመረልኝ፣ በ21 ነው የምመለሰው› አለችኝ። ‹ዛጎል አመጣልሻለሁ› አለችኝ።» ለሳህሊቱ ጀርባዋን ሰጥታ ጠርሙስ መደርደር ጀመረች።

መንገድ ላይ ሳህሊቱ ድንገት ቆመች።

«መልእክቱን የጻፈው ሰው መመለሻዋ በ18 ነው ብሎ ያምናል። እሷ ረቡዕ ከሰዓት 21 መሆኑን አውቃለች፤ ስለዚህ እሷ አልጻፈችውም። ፍፁምም ያውቃል፤ ፖስታው አዲስ አበባ እንዳለም ያውቃል፤ እሱም አልጻፈውም። የድሮውን ወረቀት ሰኞ አይቶ የመቀየሩን ወሬ ያልሰማ ማን ነው?»

«ራት የተጠሩት ሁለቱ» አለ ጃዕፈር። «አይናዲስ መቻራ ነበረች፤ አረጋግጫለሁ።» ከዚያ ማስታወሻውን ገለጠ። «ቦኬም ደውያለሁ። በለጠ ለቅሶ መጥቶ ነበር፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሷል። አላመሸም።»

«መቼ ነው የነገሩህ?»

«ትናንት። ‹ፍፁም ነው› ስላልሽኝ...»

ሳህሊቱ ፊቷን ወደ በለጠ ግቢ አዙራ መራመድ ጀመረች።

*

ሠልስቱ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ድንኳኑ በር ላይ ቆመው፣ «ዛሬን እንኳ ይለፈው፣ ነውር አይደለም ወይ?» አሏት። «ነውሩ የኔ ይሁን» አለችና በለጠን ይዛ ሄደች። ጃዕፈር ግቢው ውስጥ ቀርቶ የባጃጁን ወለል የጎማ ምንጣፍ አነሳ። ላዩ ታጥቧል። ምንጣፉ የተጣበቀበት ብረት ሥር ግን የደረቀ ጥቁር እድፍ ነበር፤ ከጎኑ የተጣበቀ አንድ ሽበት።

ጣቢያው ውስጥ ሳህሊቱ «እርስዎ» ማለቷን ተወች።

«ተመላሽ የነበረችው መቼ ነው?»

«በ18። ነግሬሻለሁ፤ መልእክቱም ላይ አለ።»

«ማን ነገረህ?»

«እሷ ናታ። ወረቀቱን አሳየችን።»

«ያን ወረቀት ረቡዕ ጠዋት ቀድዳ ጥላዋለች። ሱቁ ፊት ለፊት፣ ሰው እያየ። አንተ ቦኬ ነበርክ፤ አልሰማህም።»

በለጠ ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ታዲያ በሌላ ወረቀት ሄዳለች።»

«በሌላ ወረቀት የሄደች ሴት 18 ብላ አትጽፍም። መልእክቱን አንተ ነህ የጻፍከው። ጃዕፈር አሁን ባጃጅህ ውስጥ ደም አግኝቷል። ልፋቴን አታብዛው።»

በለጠ ሲናገር ድምፁ የጥፋተኛ ሳይሆን የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር።

«ውክልና ስጪኝ አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቅኳትም። ቤቱ የወንድሜ ነው፤ ያደግኩበት ግቢ ነው። ትታን ስትጠፋ ማን ይፈርማል? ማን ያድሳል? ነገ ቀበሌው መጥቶ ‹ባለቤቱ የለም፣ ውጣ› ሲለኝ ምን እላለሁ? ‹ለሁለት ሳምንት ነው የምሄደው፣ ምን ውክልና ያስፈልጋል› አለችኝ። ሳቀችብኝ። ‹መመለሻ ቆርጫለሁ› አለችኝ። መመለሻ! ያንን ወረቀት ያልያዘ ማን ሄዷል? የኛ ሰፈር ልጆች ሁሉ ይዘውት ነው የሄዱት። አንድ የተመለሰ ጥሪልኝ። ለፈረንጅ የሚታየውን ማታለያ ለኔ ታሳየኛለች? ዞር ስትል በባጃጄ መፍቻ መታኋት። አንዴ ነው። አንዴ ብቻ።»

«ስልኩስ?»

«አንድ ሁለት ቀን ያዝኩት፤ ከዚያ ሰበርኩት። ከ18 በኋላ ማንም አይጠይቅም አልኩ። እውነቴን አልነበረም? ማን ጠየቀ?»

ሳህሊቱ ቲኬቱን ከፖስታው አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንብበው።»

በለጠ ማንበብ ጀመረ። ጣቱ ስሟ ላይ ቆየ፤ ወርዶ ቀኑ ላይ ቆየ።

«ይሄም ማስያዣ ነው» አለ።

«የተከፈለበት ነው። ገንዘቡም አይመለስም። በላሟ ዋጋ ነው የገዛችው።»

«ውሸትሽን ነው።»

«ፍፁምን ላምጣልህ?»

«ውሸትሽን ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ከወንበሩም ተነሳ። ዘቡ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ከተቀመጠ በኋላም ወረቀቱን መመልከቱን አላቆመም፤ የሆነ ቦታ ላይ ማታለያ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት እንደሚፈልግ ሰው ገለበጠው፣ ወደ መስኮቱም አንስቶ አየው። በመጨረሻ ወደ እሷ ገፋውና ኩታውን ፊቱ ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ሲፈርም እንኳ ቀና አላለም።

*

ፍፁም ሲለቀቅ ይቅርታ አልጠበቀም። «ሱቄ ላይ ድንጋይ ተወርውሮበታል፤ መስታወቱን ማን ይከፍለኛል?» ብሎ በሩን በእግሩ ገፍቶ ወጣ።

ሰኞ ሳህሊቱ ትምህርት ቤቱ ሄደች። አይናዲስ ዜናውን ሰምታዋለች። ስለ በለጠ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ስልኳን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

«አንብቢው።»

የካቲት 19 ለወሰንየለሽ የላከችው መልእክት ነው፤ አልደረሰም። «እንኳን ደስ አለዎት። እርስዎም እንደ ሁሉም ሆኑ። ባሕር ልይ ብለው አራት ዓመት አታለሉኝ። ከእንግዲህ ስምዎን አልጠራም።»

«ያኔ እኮ ካባው ውስጥ ነበሩ» አለች አይናዲስ። «አንድ ሰው ‹ቀሩ እንዴ? ምን ሆኑ?› ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ተሳደብኩ። ይህንንም መዝገቡ ላይ አስገቢው።»

«ይህ ወንጀል አይደለም።»

«አስገቢው አልኩሽ!»

ሳህሊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን ለማንም እናገራለሁ ብላ አልመጣችም።

«ከ18 በኋላ ጣቢያው ውስጥ ወሬው ተነስቶ ነበር። ‹አሮጊቷም ጠፋች› ሲሉ ሰማሁ፤ የትኛዋ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ሳቅኩ። ፖሊስ ነኝ፤ አንዲት ሴት በተባለው ቀን አልተመለሰችም ሲባል ሰምቼ ሳቅኩ።»

አይናዲስ ረጅም ጊዜ በጥላቻ አየቻት።

«እንግዲያው ሁለታችንንም ጻፊን» አለች።

ውጭ ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎች በመስኮቱ ሥር እየተጋፉ አለፉ። ሳህሊቱ የቃል መቀበያ ቅጹን አውጥታ ጭኗ ላይ አስተካከለችና እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«ሙሉ ስም?» አለች።